የሲስተር ድገሚ ተማሪ

እናቴ ደጋሚ መሆኗን የደረስኩበት አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ዓይኔ አይቼ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሌላው ልጅ እናቱን ራሷን ቢያማት ወይም ጎረቤት ቢሰድባት ለጓደኞቹ ያወራል፤ እናቴ ፈተና ወድቃ ትደግማለች ብሎ ግን በየትኛው አፉ ይናገራል? ሆዴ ውስጥ ቀበርኩት። የልጅ ሆድ ደግሞ ጠባብ ነውና ያ ዓመት ሲጨንቀኝ ከረመ።

ትምህርት ቤታችን የካቶሊክ ሲስተሮች ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ለከተማው ሴቶች ልብስ ስፌት ታስተምራለች፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ፊደል እቆጥራለሁ፤ የምንኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። አባቴ የዶዘር ኦፕሬተር ስለሆነ ሩቅ ቦታ መንገድ ይቆርጣል። በዚያ ዓመት የሚሠራበት ድርጅት ቤት ሰጥቶት ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ በረንዳ ያለው፣ ውሃው ቤት ድረስ የሚመጣ። ትምህርት ሲዘጋ መጥቶ ጠቅልሎ ሊወስደን ተስማምተናል። እኔ በረንዳውን ሳላየው አውቀው ነበር። የት ቁጭ እንደምል ሳይቀር መርጬ ጨርሻለሁ።

በትምህርት ቤቱ አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ የቃል ፈተና። አንደኛ ክፍልን የሚጨርስ ልጅ ሁሉ፣ የሀብታም ይሁን የድሃ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ልጅ ይሁን፣ ትልቋ ሲስተር ፊት ቆሞ የትምህርት ቤቱን ታሪክ በቃሉ ይመልሳል። ትምህርት ቤቱን ከመሠረቱት ሲስተሮች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይጠይቃሉ፤ ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመልሳል። አንዲት ቃል ከዘለለ «ድገሚ» ነው። ቋንቋችንን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «ድገሚ» ይሉ ነበር። የአገሩ ነጋዴ፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ሁሉም በልጅነቱ «ድገሚ» ተብሏል። ስለዚህም ሲስተር ድገሚ የሚል ስም ወጣላቸው፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ አይከፋቸውም። የመለሰውን ልጅ ደግሞ ሁለት እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ይመርቁታል። እጃቸው ራስህ ላይ ካረፈ አልፈሃል ማለት ነው፤ ካላረፈ ነገ ከትምህርት በኋላ ተመልሰህ ትመጣለህ።

የእኛ ጊዜ ፈተና ግን አንዴ በዚህ ሳምንት፣ አንዴ በሚቀጥለው እየተባለ ተጓተተ። ምክንያቱን ማንም አልነገረንም፤ እኛም ደስ አለን እንጂ አልጠየቅንም።

ጥያቄና መልሱን እኔ ያለ ፈተናም አውቀው ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ምን ነበር? የጨው መጋዘን። አግዳሚዎቹ ከምን ተሠሩ? ከሳሙና ሳጥን። የማታው ትምህርት ለማን ተከፈተ? ቀን ሸክም ለሚሸከሙ፣ ቀን የሰው ልብስ ለሚያጥቡ። ስፌቱስ? ልጆቻቸውን ሊያደርሱ መጥተው ከበር ለማይመለሱ እናቶች። አዳሪ ቤቱ ለምን ተከፈተ? አንዲት ሕፃን በር ላይ ተጥላ ስለተገኘች። ይኼ ሁሉ ተረት አይደለም። የድሮው ክፍል ግድግዳ ዝናብ ሲመጣ እስከ ዛሬ ነጭ ነገር ያልበዋል። በምላሴ ቀምሼዋለሁ፣ ጨው ነው። ግማሹ ክፍል እንደ ከብት ሲልሰው ኖሯል።

እናቴን የያዝኳት ከዚያው ከድሮው ክፍል ጎን ባለችው በሲስተር ድገሚ መኖሪያ ነው። ስፌቷን አስተምራ ስትጨርስ «እጅሽን ታጠቢና ደረጃው ላይ ጠብቂኝ» ትለኝና ወደ ሲስተር ድገሚ ክፍል ትገባለች፣ በሩንም ትዘጋለች። አንድ ቀን መጠበቅ ሰለቸኝ። የቧንቧው ሲሚንቶ ላይ ወጥቼ በመስኮቱ አጮለቅኩ። ሲስተር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ፣ ትልቅ ሴትዮ፣ ለሠላሳ ሴት መቀስ አያያዝ የምታስተምር፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ፊታቸው ቆማለች።

«የመጀመሪያው ክፍል ምን ነበር?»

«የጨው መጋዘን።»

«አግዳሚዎቹ…» አሉ ሲስተር። ጣታቸው የወንበሩን እጀታ ይፈትጋል።

«ከሳሙና ሳጥን» አለች እናቴ።

«ድገሚ!»

ደገመችው። እንደገና ከጨው ጀመሩ። ቃል በቃል ተከታተልኩ፤ አንዲት ስህተት የለባትም። እኔ ካወቅኩት እሷ እንዴት ያቅታታል? ምናልባት ድምጿ ስላነሰ ይሆናል፣ ምናልባት ጀርባዋ ስለጎበጠ። ሲስተር አንዳንዴ መሐል ላይ ቆም ብለው አፍጥጠው ያዩዋትና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። እናቴ ዝግ ብላ የሆነ ነገር ትመልሳለች፤ ከመስኮቱ ማዶ አይሰማኝም። ሲስተር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ነገሩ ሁሉ ከጨው መጋዘኑ ይጀምራል። በቃ፣ የምትወድቀው እዚህች ላይ ነው አልኩ። እኔ እንኳ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስጠየቅ ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው።

በማግስቱ ካውያ ስታሞቅ ጠብቄ «እማዬ» አልኳት፤ «የማን ልጅ ነሽ የሚል ሰው ቢመጣ የአባትሽን ስም ጮክ ብለሽ ንገሪው እሺ?»

ካውያውን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ረሳችው። የማቃጠል ሽታ ሲመጣ ነው ያነሳችው።

«ምነው፣ ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። እንዲያው ማለቴ ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ አትጉበጪ።»

«እሺ» አለች፤ «ከፍ አደርጋለሁ።» የተቃጠለውን ቀሚስ አየችና ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር አደረገች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት እንዲህ ነው። አባቷ ነጋዴ እንደነበሩና ሩቅ አገር እንደሞቱ ነግራኝ ነበር። ስማቸውንም ነግራኛለች። ስሙን ከየት እንዳመጣችው ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ከልብስ ስፌት ማሽኑ ሻጭ ነው የወሰደችው፤ ደግ ሰው ይመስላት ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ እሷን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ከሲስተር ክፍል ስትወጣ ዓይኗ ይጎደጉዳል። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ትወድቃለች። «ትንሽ ጋደም ልበል» ትላለች፣ ራቷን ሳትበላ ይነጋል። እኔ ጫማዋን እያወለቅኩ ‹ይኼ የደጋሚ ድካም ነው› እል ነበር። ክፍላችን ውስጥም ደጋሚዎች ነበሩ፤ እነሱም እንዲሁ ዴስክ ላይ ይተኛሉ።

ፈተናው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ የስፌት ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ነው። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ወለሉ ላይ የተበተነውን መርፌ በማግኔት መሰብሰብ የእኔ ጨዋታ ነበር። ዳይሬክተሯ ገቡ። ወጣት ሲስተር ናቸው፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር እንደጠፋባቸው ሰው ነው የሚራመዱት።

«ለትምህርት ቤቱ ኢዮቤልዩ በዓል የሲስተሮቹ ማኅበር አለቃ ራሳቸው ሊመጡ ነው» አሉ። «ሲስተር ንግግር ያድርጉልን ብለዋል። ምን አባቴ ልበላቸው?»

«ንግግሩ ይቅር» አለች እናቴ። «ሲስተር ይጠይቁ፣ እኔ ልመልስ። ልክ እንደ ቃል ፈተናው። ሰው ለበዓሉ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው።»

«አለቃዋ ፊት?»

«አለቃዋ ፊት።»

«ከተበላሸስ?»

«ከተበላሸማ ያው መወሰድ ነው፤ ሌላ ምን አለ?»

ማግኔቴን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። መወሰድ! በእኛ ሰፈር ልጅ ሲያስቸግር «ለአዳሪ ቤት እሰጥሻለሁ» ነው የሚባለው። አዳሪዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ግራጫ ሹራብ፣ እሑድ ከሰዓት አጥሩ ላይ ተደርድረው የሚመጣ ሰው የሚጠብቁ። እናቴ ከወደቀች እዚያ ሊያስገቧት ነው። ግራጫ ሹራብ ለብሳ አጥሩ ላይ ቆማ ታየችኝ።

ዛሬ ሳስበው ከፈራሁት ነገር ሁሉ እውነት የነበረው ያ ሹራብ ብቻ ነው፤ እናቴ ለብሳው አድጋለች። የተቀረውን ግን ገልብጬ ነበር ያየሁት። ተፈታኟ እናቴ አልነበረችም፤ ጠያቂዋ ነበሩ። የሲስተር ድገሚ አእምሮ መርሳት ከጀመረ ቆይቷል። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋቸው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ የተወለዱበት አገር ቋንቋ። ንግግር ማድረግ ይቅርና የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም። መጠየቅ ግን አልረሱም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ ኖረዋላ። እናቴም በየቀኑ የምትገባው ጥያቄዎቹ ከነቅደም ተከተላቸው እንዳይጠፉባቸው ልታለማምዳቸው ነበር፤ አብልታ፣ አጥባ፣ ልብስ ቀይራ ከጨረሰች በኋላ። ማኅበሩ የታመሙ አሮጊት ሲስተሮችን ባሕር ማዶ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ይወስዳል። እናቴ የፈለገችው አለቃዋ ምንም ሳያውቁ መጥተው እንዲመለሱ ነበር። ያ ካለፈ ሲስተር አልጋቸው ላይ ሆነው እዚሁ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፣ ዳይሬክተሯ እንደምንም ያስታምማሉ፣ እኛም ወደ አባቴ እንሄዳለን። ሐሳቧ ይኸው ነበር።

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በዳይሬክተሯ ቢሮ ስልክ ይደውላል። የዶዘር ድምፅ ጆሮውን ስለደፈነው ሲናገር ይጮሃል፤ ከቢሮው ውጭ ቆሜም እሰማዋለሁ።

«መቼ ነው የምትመጡት?»

«በዓሉ ይለፍ አልኩህ እኮ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም!»

«አውቃለሁ። በዓሉ ይለፍ፣ ከዚያ ያንተው ነን።»

ስልኩን ስትዘጋ ቀሚሷን ጎተትኩና «ካለፈ እንሄዳለን?» አልኳት።

«ካለፈማ እንሄዳለን» አለችኝ። ስለ በዓሉ ነበር የምታወራው፣ እኔ ስለ ፈተናው።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አባቴ በድርጅቱ ፒክአፕ መጣ። ጫማው ላይ የሌላ አገር ቀይ አፈር አለ። እኔን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበኝና ወዲያው እቃ መጫን ጀመረ። ፍራሹ፣ ቁም ሣጥኑ፣ ድስቱ፣ የእናቴ የስፌት ማሽን። «ከበዓሉ በቀጥታ ጉዞ ነው፣ አንድ ደቂቃ አላድርም» ይላል። ዘበኛው «ደቂቃ አያድርም እኮ ጋሼ» ብሎ አረመው፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ ገመዱን ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ክፍላችን ባዶ ሲሆን ትንሽነቷ ገረመኝ።

አዳራሹ ያው የድሮው ክፍል፣ የጨው መጋዘኑ ነው። ለበዓሉ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ጨው ግን ቀለም አይችልም፣ ገና በሁለተኛው ቀን ግድግዳው ኩፍ ብሎ ነበር። የድሮ ተማሪዎች ሞልተዋል። ራሰ በራ ሰውዬዎች ለእነሱ ጉልበት በማይበቃ ወንበር ተቀምጠው «ድገሚ!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። የማኅበሩ አለቃ የፊተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ መነጽር ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። አባቴ በሩ አጠገብ ቆሟል። እኔ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ነኝ።

እናቴ ሲስተርን ደግፋ አወጣችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሁሉም አቋቋሙን ያውቀዋል። እኔ አልሳቅኩም። ይኼ ሁሉ ሰው እያየ መፈተን እንዴት ያለ ጭካኔ ነው?

«የመጀመሪያው ክፍል ምን ነበር?»

«የጨው መጋዘን!» ድምጿን ከፍ አደረገች። ምክሬን ሰምታለች።

«አግዳሚዎቹ?»

«ከሳሙና ሳጥን።»

የማታው ትምህርት አለፈ። ስፌቱ አለፈ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ሲስተር ድምፃቸው እየጠነከረ፣ ጣታቸው እንደ ጥንቱ እየተቀሰረ ሄደ። ዳይሬክተሯ ጥግ ላይ ቆመው ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

«አዳሪ ቤቱ ለምን ተከፈተ?»

«አንዲት ሕፃን በር ላይ ተጥላ ስለተገኘች።»

ይኼ የመጨረሻው ነው። እናቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፣ ልታነሳቸው። ሲስተር ግን አልተነሱም። ቀና ብለው አዩዋት።

«ሕፃኗስ?» አሉ። «ሕፃኗ የት ደረሰች?»

ይኼ ጥያቄ የለም! ማንም ተጠይቆ አያውቅም! አጠገቤ ያለችው ልጅ «ያልተማሩትን ጠየቋቸው» ብላ ሹክ አለችኝ። ተናድጄ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። እናቴን አየኋት። ከኋላ ያጣመረችውን እጇን ፈታች። በዚያ አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ስለዚያች ሕፃን በቃሉ መልሶ ያለፈ ነው፤ ማን እንደሆነች ግን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። እናቴም ራሷ በሰባት ዓመቷ ቆማ ስለ ራሷ «አንዲት ሕፃን» ብላ መልሳ፣ ተመርቃ ወጥታለች። ለአባቴ እንኳ አልነገረችውም ነበር።

«አለች» አለች በመጨረሻ። «እዚሁ ነኝ፣ ሲስተር።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

አሁን የአባትሽን ስም በይ አልኩ በልቤ፤ ጮክ ብለሽ!

«የእርስዎ» አለች እናቴ።

ተሳሳተች። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም ተነስቶ ያጨበጭብ ጀመር። ራሰ በራዎቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ስገልጥ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ያልቆሙት አለቃዋ ብቻ ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው እናቴን ያያሉ። በሩ ጋ ያለውን አባቴን ፈለግኩት። እያጨበጨበ አልነበረም። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

ሕዝቡ ለሻይና ዳቦ ሲወጣ አለቃዋና ዳይሬክተሯ እናቴን ወደ ስፌት ክፍል ወሰዷት። እኔን «ውጪ ተጫወቺ» አሉኝ። በሩ ላይ መስታወት አለ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ግን አየሁ። ብዙ ተነጋገሩ። እናቴ በመስኮት ወደ ፒክአፑ አየች፣ ከዚያ ወደ መሬት። መጨረሻ ላይ ራሷን ነቀነቀች። አለቃዋ ተነስተው ሁለት እጃቸውን የእናቴ ራስ ላይ ጫኑ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አለፈች!

እየበረርኩ ወደ ፒክአፑ ሄድኩ። «አባዬ! እማዬ አለፈች! እንሂድ!»

ምን እንዳለፈች አልጠየቀኝም። ጋቢና ውስጥ አስገብቶ ክላክሱን እንድነፋ ፈቀደልኝ። ደጋግሜ ነፋሁት። ዘበኛው ጆሮውን ይዞ «ይኼ ሠርግ ነው እንዴ!» ይላል።

ውስጥ የተባለውን እናቴ የነገረችኝ እኔም ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አለቃዋ አልተሸወዱም። «ከጀመራቸው ቆየ?» ብለው ነው የጀመሩት። እናቴም ከዚያ ወዲያ አልዋሸችም። «የምንወስዳቸው ልንጥላቸው አይደለም፣ ልጄ» አሏት። «ሐኪም አለ፣ አስታማሚ አለ፣ አገራቸው ነው።»

«አገራቸውን ረስተውታል። የሚያወሩት በእኛ ቋንቋ ነው። እዚያ ሄደው ሲጠይቁ ማን ይመልስላቸዋል?»

«እዚህስ ማን ይመልስላቸዋል? ባልሽ እቃ ሲጭን አይቻለሁ። እነዚህ ወጣት ሲስተሮች ትምህርት ቤት ይምሩ ወይስ በሽተኛ ያስታምሙ? አንቺ ካለሽ ይቆያሉ። ከሄድሽ ግን ወሳጅ ነኝ። ክፋት አይምሰልሽ፤ ሌላ መላ የለኝም።»

አለቃዋ ክፉ አልነበሩም። እናቴም ይህን ስትነግረኝ በሳቸው አልተቆጣችም። «እውነታቸውን ነው» ብቻ አለች።

ከስፌት ክፍል ስትወጣ ክላክሱን ነፋሁላት። አልሳቀችም። አባቴን ወደ ፒክአፑ ኋላ ወሰደችው። በጎን መስታወቱ ውስጥ አያቸዋለሁ። እሷ ዝግ ብላ ታወራለች፣ እሱ ገመዱን ይነካካል። ከዚያ ድንገት ጮኸ፤ ሁልጊዜም ይጮሃል፣ ያኔ ግን ጆሮው አልነበረም።

«ለምን አልነገርሽኝም? ከየትም ተገኚ፣ ከበር ተገኚ፣ ከገደል ተገኚ፣ እኔ ምን ገዶኝ!»

«ፈራኋ።»

«አሁንስ? እኔስ የማን ነኝ? ልጅቷስ?»

«ያንተው ነን። ግን እሳቸው ከእኔ ሌላ ሰው የላቸውም። እኔ ስጣል አንስተውኛል። እኔ ልጥላቸው?»

ጋቢናውን ከፍቼ ወረድኩና መሐላቸው ገባሁ። ትልልቅ ሰዎች ነገር ሲጠፋባቸው ማስታወስ ያስፈልጋል። «አባዬ፣ አለፈች እኮ!» አልኩት።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«አዎ፣ እሷስ አልፋለች» አለ። «የወደቅኩት እኔ ነኝ።»

ገመዱን ፈታው። ፍራሹን ብቻውን ተሸክሞ ወደ ክፍላችን መለሰ። ዘበኛው ሊያግዘው ሲመጣ በእጁ ከለከለው። ቁም ሣጥኑን በጀርባው አወረደ፣ ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎ አወረደ። ሲጨርስ ለእናቴ «በረንዳው ዝናብ ያስገባል፣ ለነገሩ ጥሩ ቤት አልነበረም» አላትና ሄደ። ጥሩ ቤት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

አባቴ አልከዳንም። አንዱ መንገድ ሲያልቅ ሌላ መንገድ እየተሰጠው በየእረፍቱ ይመጣ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች እናቴን «የእረፍት ባል ያላት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሲስተር ድገሚ ሁሉም «ዘንድሮስ አይከርሙም» እያላቸው እኔ ስምንተኛ ክፍልን እስክጨርስ ቆዩ። እሳቸው አርፈው እናቴ ነፃ ስትወጣ አባቴ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር፤ ወገቡንም ዶዘሩ በልቶታል። አብረው መኖር የጀመሩት ሁለቱም ደክመው ነው። ማን ተሳሳተ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፣ አሁንም አላውቅም።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ የት አውቄ! ሰኞ ከስፌት በኋላ እናቴ «እጅሽን ታጠቢና ደረጃው ላይ ጠብቂኝ» ስትለኝ ጉድ ፈላ አልኩ።

«አልፈሻል እኮ! ለምን ትገቢያለሽ?»

«ነገ እነግርሻለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።»

በሩን አልዘጋችውም። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ተከትያት ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር አልጋቸው ላይ ናቸው። አበላቻቸው፣ አፋቸውን ጠረገች፣ የተተረተረ እጅጌያቸውን ልትሰፋ ዝቅ ያለች በርጩማ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ሲጠይቁና ስትመልስ ለመስማት ጆሮዬን አቁሜያለሁ፤ ዛሬ የት ላይ እንደምትሳሳት ደርሼበት እገላግላታለሁ። ክሩን ሁለት ሦስቴ ሳበች። ከዚያ እጇ ዘገየ፣ ራሷ ቀስ እያለ ወረደ፣ ግንባሯ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ። መርፌው ጣቷ ላይ እንዳለ ተኛች።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ሲስተር።

የእናቴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ድገሚ» አሉ።

ዝም ካለች ትወድቃለች። ተነሳሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ ሰው ያጨበጨበለትን መልስ አስታወስኩ።

«የእርስዎ ናት!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሲስተር ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ማን እንደሆንኩ አላወቁም፤ ግድም አልሰጣቸውም። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ» አሉኝ። «አትቀስቅሻት። ልጄ ደክሟታል።»